የታሪክ ዲግሪ በገበያ ሚዛን

እንጦጦ ላይ ታሪክ ሸቀጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን የእንጦጦ ማርያምን ለማየት፣ በግቢው ያለውን ሙዚየም ለመጎብኘት ወይም በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ ለመንሸራሸር ሽቅብ የሚወጣ ሰው በየመንገዱ ኪሱን ይፈታል። ታክሲው ድርሻውን ይወስዳል፤ በር ላይ ቲኬት አለ፤ ቡናና ምሣው ይከተላል። ሲመለስ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ላይ የሀገር ልብስ ነጋዴው ይጠብቀዋል። ከዚሁ ተራራ ግርጌ ስድስት ኪሎ ላይ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ታሪክ በዲግሪ ሲያስተምር ትውልድ አልፏል። ታሪኩ ገዢ ካለው፣ ታሪኩን ዓመታት አጥንቶ የወጣው ልጅ በገበያ ስንት ያወጣል? ዲግሪውን ለማግኘትስ ስንት ተበድሮ ነው የሚወጣው?

ጥያቄው በየቤቱ አለ። ከመርካቶ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለ ነጋዴ ልጁ ምደባ ሲወጣለት «ታሪክ ደረሰው» ሲባል ፊቱን ያጠቁራል። ሂሣብ አያያዝ ወይም ምህንድስና ቢደርሰው ደስታው ሌላ ነበር። ፊት ከማጥቆር በፊት ግን እንደማንኛውም ንግድ የሚገባውንና የሚወጣውን በወረቀት ላይ ማስፈር ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በታሪክ ዲግሪ ላይ የሚነሣው ቅሬታና የሂሣቡ ውጤት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ነፃ የነበረው ትምህርት እንዴት ዕዳ ሆነ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የመደበኛ ተማሪ ትምህርት፣ ምግብና መኝታ የሚሸፈነው በመንግሥት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ10ኛ ክፍል በላይ ያለው ትምህርት ወጪው ከተጠቃሚው ጋር እንዲጋራ አቅጣጫ አስቀመጠ። ሥራ ላይ የዋለው ግን ቆይቶ ነው። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተከተለው፤ ተማሪውም «ኮስት ሼሪንግ» ብሎ በሚጠራው የወጪ መጋራት ውል ላይ መፈረም ጀመረ።

የውሉ ይዘት ለነጋዴ ጆሮ ግልጽ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የማስተማሪያውን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይሸከማል። ዱቤ ነው፤ በእጁ የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ የለም። ከተመረቀ በኋላ ቢበዛ አንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ አለው። ከዚያ በ«ምሩቃን ግብር» ስም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከፍሎ ይጨርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። የታሪክ ትምህርት ላቦራቶሪ የለውም፤ ኬሚካልና ማሽን አይፈልግም። የማስተማሪያ ወጪው ዝቅተኛ በመሆኑ 15 በመቶውም አነስተኛ ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ዕዳ አብዛኛው ክፍል የትምህርት ዕዳ አይደለም፤ የእንጀራና የወጥ ዕዳ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ካፌ ከሚበላው የምህንድስና ተማሪ ዕዳ ጋር እኩል ነው። ሁለቱ በአንድ ሠልፍ ቆመው አንድ ዓይነት ዕዳ ያስመዘግቡና ገበያው ላይ ሲወጡ መንገዳቸው ይለያያል።

ከ22 ብር ወደ 100 ብር

ለረጅም ዓመታት የአንድ ተማሪ የዕለት ምግብ ተመን 15 ብር ነበር። ኋላ 22 ብር ሆነ። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሣና እራት ማቅረብ እንደማይቻል ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም በዕዳ ተዘፍቀው ቆዩ። በ2017 ዓ.ም. ተመኑ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። ለተማሪው ሣህን መልካም ዜና ነው። ለውሉ ግን ትርጉሙ ከባድ ነው፤ የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው ይላልና።

በዓመት 10 ወር፣ በወር 30 ቀን ተብሎ ሲሰላ፣ በ22 ብር ዘመን የዓመቱ ምግብ 6,600 ብር፣ የአራቱ ዓመት 26,400 ብር ነበር። በ100 ብር ሲታሰብ የዓመቱ 30,000 ብር፣ የአራቱ ዓመት 120,000 ብር ይመጣል። መኝታውና የማስተማሪያው ድርሻ ገና አልተጨመረም። አዲሱ ተመን እንዳለ ወደ ውሉ ከገባ ዕዳው ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ አደገ ማለት ነው።

ደመወዙስ? የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ 3,934 ብር የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. 6,940 ብር ደረሰ፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 11,500 ብር ሆነ። ይህም ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነው። ደመወዙ በሦስት፣ ዕዳው በአራት ተኩል ሲያድግ የመክፈያው ጊዜ ይረዝማል። 26,400 ብር ዕዳ ከ3,934 ብር ደመወዝ 10 በመቶ እየተቆረጠ ለማለቅ 67 ወር ይፈጅ ነበር፤ አምስት ዓመት ከሰባት ወር ማለት ነው። 120,000 ብር ከ11,500 ብር ላይ በወር 1,150 እየተቆረጠ የሚያልቀው በ105ኛው ወር፣ ከስምንት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

በኪስ የሚገባው

ሠራተኛው ከ11,500 ብር ላይ የሚቆረጥበት የምሩቃን ግብር ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በ15፣ በ20፣ በ25 እና በ30 በመቶ እርከን ሲሰላ ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። የቀረው 8,595 ብር ነው። ከዚህ 1,150 ብር የወጪ መጋራት ሲነሣ በእጅ የሚገባው 7,445 ብር ይሆናል። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በንጽጽር፣ ዲግሪ ሳይዝ በመንግሥት ዝቅተኛው የደመወዝ እርከን በ6,000 ብር የተቀጠረ ሰው 700 ብር ግብርና 420 ብር ጡረታ ከፍሎ 4,880 ብር ይዞ ይገባል። የዲግሪው ብልጫ ከዕዳ በፊት በወር 3,715 ብር፣ ዕዳው እየተቆረጠ ባለበት ጊዜ 2,565 ብር ነው።

አሁን ዋናው ወጪ ይመጣል፤ ይህም በየትኛውም ውል ላይ ያልሰፈረ ነው። ተማሪው አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ጓደኛው በወር 4,880 ብር እያገባ ነበር። በ48 ወር 234,240 ብር። የምግብ ዕዳው ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነጋዴ አባት ስለ ወጪ መጋራት ሲያማርር ልጁ ሱቅ ቢቆም ኖሮ የሚያገባውን ይረሳል፤ ትልቁ ወጪ ግን እሱ ነው። ትምህርቱ በ2012 ዓ.ም. ከሦስት ወደ አራት ዓመት መመለሱም ለተማሪው ዕውቀት የሚበጀውን ያህል በዚህ ሂሣብ ላይ አንድ ሙሉ ዓመት ጨምሯል።

234,240 ብር በወር 2,565 እየተመለሰ ለመካካስ 91 ወር ይፈልጋል። ሰባት ዓመት ከሰባት ወር። ያኔም ዕዳው ገና 13 ወር ይቀረዋል። በ23 ዓመቱ የተቀጠረ ልጅ ጓደኛውን በድምር የሚደርስበት ሠላሳን አልፎ ነው።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፣ ትክክለኛም ተቃውሞ ነው። ሥራ የያዘው ጓደኛውም በነዚያ አራት ዓመታት ሳይበላ አልኖረም፤ ከ4,880 ብሩ ላይ ከፍሎ ነው የበላው። ተማሪው በዱቤ በላ፣ ሠራተኛው በጥሬው። የሁለቱ ምግብ ከተጣፋ የሚቀረው ወጪ ያመለጠው ደመወዝ ብቻ ነው፤ እሱም በ3,715 ብር ሲካፈል 63 ወር፣ አምስት ዓመት ከሦስት ወር ይመጣል። ሁለቱ ቁጥሮች በሁለት ዓይን የታዩ አንድ ነገር ናቸው። የመጀመሪያው የልጁን ኪስ፣ ሁለተኛው የትምህርቱን እውነተኛ ዋጋ ያሳያል። ሁለቱም የእድገት እርከንን አላካተቱም፤ ባለ ዲግሪው በደረጃ የሚያድግበት ዕድል ሰፊ ስለሆነ የኋለኛው ዘመን ለእሱ ያደላል።

እስካሁን ያለው ስሌት በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ላይ እንደሚሠራ አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። የመንግሥት የደመወዝ መነሻ የታሪክ ምሩቅና የሂሣብ ምሩቅ ብሎ አይለይም። ታዲያ ታሪክ የሚጎዳው የት ላይ ነው? ቅጥር በመጠበቅ ላይ ነው።

የመጠበቂያው ዋጋ

የባንክን የቅጥር ማስታወቂያ ያነበበ ያውቀዋል፤ ሂሣብ አያያዝ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ ይልና «ወይም ተዛማጅ» ብሎ ይዘጋል። ታሪክ በ«ተዛማጅ» ውስጥ የሚገባው ቀጣሪው ሲፈቅድ ነው። የግሉ ዘርፍ በር ሲጠብ ምሩቁ የመንግሥትን ማስታወቂያ ይጠብቃል። ሁለት ዓመት ያለ ገቢ ቢቀመጥ ሌላ 117,120 ብር አመለጠው፤ ጠቅላላው 351,360 ብር ይሆናል። ይህን ለመመለስ፣ ዕዳው እስኪያልቅ በ2,565 ከዚያ በኋላ በ3,715 ብር ሲታሰብ፣ 127 ወር ገደማ መሥራት ያስፈልጋል። አሥር ዓመት ከሰባት ወር። ሁለት ዓመት መቀመጥ የሥራ ዘመኑን ሂሣብ በሦስት ዓመት ይገፋዋል።

ሌላው አደጋ የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት ከግሎቹ እጅግ የተሻለ ቢሆንም፣ የወደቀ ተማሪ ደግሞ ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪ አይኖረውም። የበላው ምግብ ግን ተበልቷል። ዕቃው ጉምሩክ ላይ ተይዞ የባንክ ብድሩ እንደሚቆጥርበት አስመጪ ማለት ነው።

በአንጻሩ የአቅርቦቱ በኩል እየጠበበ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጥ በተለወጠበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩም ዓመት ቁጥሩ ከዚያ አልራቀም። ከዚያ በፊት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተሠራበት የ70/30 ምደባ ከመቶ ገቢ 30 ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሣይንስ ይሄድ ነበር። ዕቃ ሲያንስ ዋጋ ይወጣል የሚለው ሕግ ለምሩቃንም ይሠራ እንደሆነ የሚታየው እነዚህ አነስተኛ ቁጥር ያላቸው ገቢዎች ተመርቀው ሲያልቁ ነው።

ወላጅ አስቀድሞ ይክፈል?

ደንቡ በቅድሚያ ለሚከፍል 5 በመቶ፣ ሲመረቅ በአንድ ጊዜ ለሚያጠናቅቅ 3 በመቶ ቅናሽ ይሰጣል። ዕዳ የማይወድ ወላጅ ቅናሹን አይቶ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። በ30,000 ብር ላይ 5 በመቶ 1,500 ብር ነው። ይኸው ብር ባንክ ቢቀመጥ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ በ7 በመቶ እንኳ ቢሰላ፣ በአንድ ዓመት 2,100 ብር ይወልዳል፤ ከወለዱ የሚቆረጠው ግብር ቢነሣም ቅናሹን ይበልጣል። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ዕዳው መከፈል የሚጀምረው ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው። በሱቁ ውስጥ ገንዘቡን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያገላብጥ ነጋዴማ ቅናሹን ዞር ብሎ ሊያየው አይገባም።

ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። ውሉ ላይ የሚሰፍረው ዕዳ በብር ነው። ብሩ ራሱ ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው ነጋዴው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ22 ብር ተመን በልቶ 26,400 ብር ዕዳ ይዞ የወጣ፣ ዛሬ ግን በ11,500 ብር የሚሠራ ምሩቅ ያንኑ ዕዳ በ23 ወር ይጨርሰዋል። ደመወዙ በ3,934 ቢቀር 67 ወር ይፈጅበት ነበር። በአውስትራሊያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥርዓት ያላት አገር ናት፣ የምሩቃን ዕዳ በየዓመቱ ወደ ላይ ይስተካከላል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዋጋ ንረቱ ልክ በ7.1 በመቶ አድጎ ነበር፣ ኋላ ግን ያ ጭማሪ በሕግ ተቀንሷል። ያንን ያህል የማይከብድ ዕዳ በእጁ ያለው ሰው አስቀድሞ የሚከፍልበት ምክንያት፣ የአእምሮ ዕረፍት ካልሆነ፣ በሂሣብ አይገኝም።

በማስተማር የሚከፈል ዕዳ

ታሪክ ከሌሎች ዘርፎች የሚሻልበት አንድ በር አለ። ደንቡ በመምህርነትና የመንግሥት ፖሊሲ ቅድሚያ በሚሰጣቸው ሌሎች ሙያዎች የሚሰማሩ ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲከፍሉ ይፈቅዳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር፤ አብዛኞቹም በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ያ ትውልድ ዕዳውን በኖራና በጥቁር ሰሌዳ ነበር የከፈለው።

ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ የትምህርት ዓይነት በመሆኑ የታሪክ ምሩቅ ወደዚህ በር ቅርብ ነው። በወር 1,150 ብር ሳይቆረጥበት መቅረቱ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ከ10 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ጋር ይተካከላል። የሚከፈለው ደግሞ በቦታ ነው፤ የመምህር ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ርቆ ነው። በመምህርነት ያልሠለጠነ ባለ ዲግሪ አንድ ተጨማሪ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ እንዲማር የሚጠየቅበት አሠራር መኖሩም ከሂሣቡ አይዘለል።

ሁለተኛ ዲግሪ ላለው በ2012 ዓ.ም. ሌላ ዕድል ተከፍቶ ነበር። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የጋራ ትምህርት ሆኖ ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ገባ። ማስተማሪያ ሰነዱ ብዙ አከራከረ፣ ዘገየም። ሆኖም ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት አገር የታሪክ መምህር ፍላጎት ከዚያ ውሳኔ ጋር አብሮ ተነሣ። የታሪክ ምሩቅ ገበያ ከፖለቲካ ጋር የተጣበቀ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም፤ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲገባና ሲወጣ ሥራው አብሮ ይገባል ይወጣል።

ወደ ተራራው

አስጎብኚነት ሦስተኛው መንገድ ነው። እንጦጦ ማርያምን፣ ራጉኤልን፣ የምኒልክን የቀድሞ ሰፈር አንድ ባንድ ማስረዳት የሚችልና ቋንቋ የያዘ ልጅ የቀን ገቢው ከደመወዝተኛው ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ገቢው እንደ ዝናቡ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ የውጭ ጎብኚ ለዓመታት ጠፋ። በዚያ ጊዜ ደመወዙ ያልቆመው መምህር ነበር። በሌላ በኩል፣ ለዚህ ሥራ ፈቃድና ቋንቋ እንጂ ዲግሪ ብቻውን አያበቃም፤ ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር የሠፈሩ ልጅ የታሪክ ምሩቁን ሲቀድመው ማየት የተለመደ ነው። ዲግሪው የሚከፍለው ጠለቅ ያለ ማብራሪያ የሚሹ ተመራማሪዎች፣ የፊልም ሰዎችና በቡድን የሚመጡ መንገደኞች ሲገኙ ነው።

ከዚህ ውጭ ያሉት ደጆች፣ ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየም፣ የቅርስ ጥበቃ፣ ጋዜጣና ሬዲዮ፣ የታሪክ ምሩቅን የሚያውቁና የሚፈልጉ ናቸው፤ ቦታቸው ግን ጥቂት ነው። የቀረው ምሩቅ በአስተዳደርና በሰው ኃይል ክፍሎች ውስጥ በተማረው ሳይሆን በዲግሪነቱ ይሠራል።

ቀጣሪ ለሆነው አንባቢ የሚመለከተው ደግሞ ይህ ነው። የምሩቃን ግብር ከሠራተኛው ደመወዝ ቀንሶ ለሚመለከተው የግብር መሥሪያ ቤት ገቢ የማድረግ ግዴታ የቀጣሪው ነው፤ የግል ድርጅትም ከዚህ አያመልጥም። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የተቆረጠለትን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ከዩኒቨርሲቲው ኦፊሴላዊ የውጤት ማስረጃ ለማውጣት ሲሄድ የወጪ መጋራት ክሊራንስ አምጣ ይባልና ይመለሳል። ቀንሶ ያላስገባ ድርጅት በየወሩ 1,150 ብር በሠራተኛው ስም ይዞ እንደተቀመጠ ነው የሚቆጠረው፤ የከፈለበትን ደረሰኝ በሠራተኛው ፋይል ውስጥ ማኖር የሂሣብ ሹሙ ሥራ ነው።